የሌሊት ወፉ ቁርስ

ሙአዝ ጫማውን አውልቆ ወደ መደርደሪያው የታችኛው ሳጥን በእግሩ ገፋ አደረገና ሽቶ መንፋት ጀመረ። ጎንበስ አላለም። ወገቡ ለዛሬ መታጠፍ አቁሟል። ሚስ ኖሪኮ አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው ከኋላው መጥተው ቆሙ።

«ዛሬም?» አሉት።

«ካልሲ ቀይሬያለሁ። አዲስ ነው፣ ወላሂ። የዋጋው ወረቀት እንኳን አልተነሳም» አለና እግሩን አንስቶ አሳያቸው። እውነትም ተረከዙ ላይ ወረቀቷ እንደተለጠፈች ናት።

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ዛሬ አልሳቁም።

ሽታው ከረቡዕ ጀምሮ ነው። የጃፓን ልጆች ከሰዓት እንግሊዝኛ የሚማሩበት እዚህ ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ልጆቹ ለቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን ነጭ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፣ የየራሳቸው ትንሽ የጨርቅ ቦርሳም አላቸው። የጃፓኖች ደንብ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ እግር ደግሞ አይሸትም። ሚስ ኖሪኮ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከሽንት ቤት ሲወጡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የሚታጠቡ ሴትዮ ናቸው። ስለዚህ የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ነው፦ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ጀምሮ የሆቴል ኩሽና ቅባት ላይ ቆሞ የዋለ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ። ሙአዝ ራሱ ግራ ገብቶት ትናንት መኪናው ውስጥ እግሩን አሽትቷል። ምንም አልሸተተውም። ግን ስለ ገዛ እግሩ ቢመሰክር ማን ያምነዋል?

«ና፣ እንነጋገር» አሉት ሚስ ኖሪኮ።

እሺ ብሎ ተከተላቸው። እንነጋገር ሲባል ደስ የሚል ነገር መጥቶለት አያውቅም።

ቤቱ ቻይናታውን ውስጥ፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ፣ በአንድ ኑድል ቤትና በአንድ ጥፍር ቤት መሀል የተሰነቀረ ባለ ሁለት ክፍል ነገር ነው። የኑድል ቤቱ የአጥንት መረቅ ሽታ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይገባል። ሌላ ጊዜ ግድ አይሰጠውም ነበር። ዛሬ ግን የረመዳን ሃያ አንደኛ ቀን ነው፤ ሙአዝ ጠዋት ሁለት መቶ ምናምን ኦምሌት ገልብጧል፣ አንዱንም አልቀመሰም። ጨዉን በዓይኑ ነው የሚለካው። ከዚያ ጁምዓ ሰግዶ፣ ኢማሙ ኹጥባውን ሲሰብኩ ተኝቶ፣ አጠገቡ የነበሩ አባባ በክርናቸው ቀስቅሰውት ነው የመጣው።

እዚህ ሥራ የገባው በጣሂራ ነው። ጣሂራ የአክስቱ ልጅ ናት፤ ቀን ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ ማታ ደግሞ ይሄን ቤት ታጸዳለች። የካቲት ላይ ጠረጴዛ አብሯት ሊያነሳ መጣ። ልጆቹ ገና አልሄዱም ነበር። እንደ ልማዱ አንዷን የስዕል ካርድ መጥበሻ አደረጋትና ሌላዋን ፓንኬክ አድርጎ አየር ላይ ገለበጣት፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ነባሯ መምህር ካሊፎርኒያ ሄዳ ሚስ ኖሪኮ ሰው አጥተው ነበር። የምን ሥራ ነው የምትሠራው አሉት። ሆቴል፣ የቁርስ ቡፌ፣ እንቁላል ላይ አላቸው። እሳቸውም መጋቢትን ሙሉ የምናስተምረው የቁርስ ምግቦችን ነው አሉ። ሙአዝ ደግሞ አሜሪካ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያውቃት እንግሊዝኛ በሙሉ ቁርስ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ማቋረጡን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው አይደለም። ደሴ እያለ ሦስት መምህር ያሳበደ ልጅ በዚህ ዓይነት መምህር ሆነ።

ወሩን በሰላም ከጨረሰ ከሰዓቱን በሙሉ ሊሰጡት ቃል ገብተውለታል። ያኔ የሆቴሉን ሌሊት ሺፍት ይተዋል። ሙአዝ ከሥራው በላይ የጓጓው ለእንቅልፉ ነው። እንደ ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ መንቃት ያምረዋል።

ሚስ ኖሪኮ በሩን ዘጉ።

«ሪኩ አራት ቀን ሙሉ ቁርስ አልበላም» አሉት።

ቀስ ብለው ነገሩት። ልጁ ጠዋት ጠዋት በሚማርበት ትምህርት ቤት ያለችው ነርስ ለእናቱ ደውላለች። ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ዞሮበታል። ሲጠየቅ ቁርስ አልበላሁም አለ። እናቱ ደነገጠች፤ በየጠዋቱ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የምታገኘው። ለምን፣ የት እየጣልከው ነው ብትለው አንድ ነገር ብቻ መለሰላት፣ «ባት ሴንሴ አይበላም» አላት። ከዚያ ቢቆነጥጡት አይናገርም።

ሙአዝ ወለሉን አየ። ሴንሴ ማለት መምህር ማለት ነው። ባት፣ በእንግሊዝኛ የሌሊት ወፍ፣ ደግሞ እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጾሙ ሦስተኛ ቀን ነበር። እዚያ ክፍል የተማሩትን ምግብ መጨረሻ ላይ ይቀምሱታል። ልጆቹ እጃቸውን ገጥመው «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ እንደኛ ቢስሚላህ ነው፣ ሳይባል አይበላም። አንድ ሰው ሳይደርሰው ሌላው አይጀምርም፤ መምህሩም እነሱ የሚበሉትን አብሯቸው ይበላል። ያን ቀን ስድስት ልጅ እጁን ገጥሞ ሙአዝን ጠበቀ። ሙአዝ እየጾምኩ ነው ማለት ይችል ነበር። ግን ሥራ ሲጀምር የሃይማኖትና የፖለቲካ ወሬ ክፍል ውስጥ እንዳይነሳ ተብሏል። ደግሞ ማስረዳት ይደክማል። ውሸት ግን ከሙአዝ አፍ ሲወጣ ነዳጅ አይፈጅም። ሽርጡን እንደ ክንፍ ዘረጋና፣ እኔ የሌሊት ወፍ ነኝ፣ የምበላው ፀሐይ ስትገባ ነው አላቸው። ወንበር ላይ ወጥቶ አንገቱን ዘቅዝቆ ጮኸ። ከልጆቹ አንዷ ከሳቋ ብዛት ወተቷን ደፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ባት ሴንሴ ሆኖ ቀረ። እነሱ ሲበሉ እሱ ዞሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፍራፍሬ ስዕል ያያል፤ መብል ባያይ ይሻለዋል።

«እናቱ ዛሬ ክፍል ትቀመጣለች» አሉ ሚስ ኖሪኮ። «ሲበላ ካላየች ታስወጣዋለች። አባቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ባለው ፋብሪካ ውስጥ የሌሎቹ አባቶች አለቃ ነው። ሪኩ ከወጣ አምስቱም ይወጣሉ።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«አንድ ቁራሽ ቶስት። ከልጁ ጋር፣ እናቱ እያየች። አንተ ስትበላ ካየ ይበላል።»

«አልችልም። እስከ ማታ ነው።»

«ምን እንደምታምን አልጠየቅኩህም፣ ሙአዝ። ያልበላው ልጅ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ዛሬ ካልበላ ሰኞ አትምጣ። ተቆጥቼ አይደለም።»

እውነትም አልተቆጡም። እንደሱው ደክሟቸዋል።

ሽንት ቤት ገብቶ ለጣሂራ ደወለ። እሷ አስራ ስድስተኛ ክፍሏን እያነጠፈች ነው፤ ስታናግረው ትተነፍሳለች። የሆነውን ነገራት።

«የሰው ልጅ አስራብክ?» አለችው።

«አልነገርኩትም እኮ አትብላ ብዬ። ቀልድ ነበር።»

«አንተ ልጅ ቀልድህ የሚያልቀው መቼ ነው? እኔን ጨምረው እንዳያባርሩኝ ብቻ።»

«ልብላ ታዲያ?»

«እኔ ሙፍቲ ነኝ? እውነቱን ንገራቸውና ውጣ።»

«የሃይማኖት ወሬ አይወራም ተብሏል።»

«የሌሊት ወፍ ወሬ ተፈቅዶ ነው?» አለችና፣ ሱፐርቫይዘሯ መጥታባት ይሆናል፣ ዘጋችው።

መስታወቱ ላይ ራሱን አየ። መነጽሩ ላይ የጠዋቱ ዘይት ነጠብጣብ አለ። ከንፈሩ ነጥቷል። አፉን ሊጉመጠመጥ ውሃ በእጁ ቀዳ፣ ተወው። ብዙ ከቆየ ልጆቹ ይጮኻሉ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ስድስቱም እንደ አሻንጉሊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሪኩ እናት ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ወጣት ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ለሙአዝ ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለችለት፤ እሱም ሦስት ጊዜ መለሰ። አራተኛውን ማን ይጀምር ብለው ሲተያዩ ሚስ ኖሪኮ ካርዶቹን ለሙአዝ ሰጡት።

ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሳ። ቶስት። ኤግ። ባናና። ሲሪያል። ፓንኬክ። ሚልክ። ቤከን የምትለዋ የአሳማ ሥጋ ካርድ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ የኋላ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ጠፋች ብሏል። ልጆቹ እየተንጫጩ ይመልሳሉ፤ ሚዮ የምትባለው ከሁሉም ቀድማ ትጮኻለች። ሪኩ ግን ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ወሩን ሙሉ እንደዚያው ነው፣ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም። ጆሮው ከጭንቅላቱ ቀድሞ ያደገ፣ ቀጫጫ ልጅ ነው። ዛሬ ሙአዝ ትክ ብሎ ሲያየው ከንፈሩ ደርቋል። እንዲህ ያለ ከንፈር አሁን መስታወት ላይ አይቶ ነው የመጣው።

ምግቡ መጣ። ሚስ ኖሪኮ በሰባት ሳህን አቀረቡት፦ አንዳንድ ቁራሽ ቶስት፣ ግማሽ ቅቅል እንቁላል፣ ግማሽ ሙዝ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። ሰባተኛው ሳህን የሙአዝ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ገጠሙ። «ኢታዳኪማስ» አሉ። ማንም አልነካም፤ ሁሉም ወደሱ ዞረ። እናትየውም ዞረች። ሚስ ኖሪኮ በሩን ተደግፈው እጃቸውን አጣምረዋል።

ሙአዝ ቶስቱን አነሳ።

ይቺን ዘዴ የለመዳት ደሴ ነው፤ የወባ ኪኒን አልውጥም ሲል እናቱን የሸወደባት ናት። አፉን ከፈተ፣ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ቶስቱን በአውራ ጣቱ እጅጌው ውስጥ ላከው። ጉንጩን ነፍቶ አኘከ። የሚውጠው ምራቅ እንኳን የለም፤ እንደምንም ዋጠ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ሆዱን መታ መታ አደረገ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ባት ሴንሴ በቀን በላ። እናትየው ትከሻዋ ወረደ፣ ሚስ ኖሪኮም ሲተነፍሱ ተሰማ። አምስቱ ልጆች መብላት ጀመሩ። ሙአዝ በሆዱ፣ ይኸው፣ ጾሜም አለ ሥራዬም አለ ብሎ ራሱን ሊያመሰግን ነበር።

ሪኩ ያየው እጅጌውን ነው።

ልጁ ቶስቱን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ወንበሩን ድምፅ ሳያሰማ ገፍቶ ተነሳ። እናቱ ጠራችው፤ አልዞረም። ወደ በሩ፣ ወደ ጫማ መደርደሪያው ሄደ። ሲንበረከክ፣ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ አንድ ነገር ሲጎረጉር ይሰማል። የሙአዝ ጫማዎች ወለሉ ላይ ወጡ። ከዚያ ልጁ ተመለሰ። በሁለት እጁ፣ እንደ ትሪ አድርጎ፣ አራት ትናንሽ ፌስታል ይዟል። ሙአዝ ፊት ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደረደራቸው።

ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ሚዮ አፍንጫዋን ይዛ ጠረጴዛ ስር ገባች።

ሪኩ የመጀመሪያውን ፈታ።

«ኤግ» አለ።

ጥርት ያለ ድምፅ ነው። እንቁላሉ የማክሰኞ ነው፤ ሰማያዊ ሆኗል። ሁለተኛውን ፈታ፤ «ቶስት»። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ሦስተኛው «ባናና»፤ ሙዝ መሆኑን የሚያውቀው የሰየመው ልጅ ብቻ ነው። አራተኛው የዛሬ ጠዋት ነው፣ ገና አልጠነከረም። «ፓንኬክ» አለና ወደ ሙአዝ ገፋ አደረገው። ሆቴሉ ውስጥ አስር ዓመት የሠራ አስተናጋጅ እንዲህ አያቀርብም።

ለሙአዝ መጀመሪያ የመጣለት ካልሲው ነው። ሦስት ጥንድ ካልሲና አንድ ጣሳ ሽቶ ገዝቷል።

እናትየው ፊቷ ደም መስሎ ቆመች። ለሙአዝ ጎንበስ፣ ለሚስ ኖሪኮ ጎንበስ፣ ከዚያ ልጇ ጆሮ ላይ በጃፓንኛ በሹክሹክታ ተቆጣችው። ልጁ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ መለሰላት። ረጅም ነበር። ሴትየዋ መሀል ላይ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ አልተቆጣችም።

«ምን አለ?» አለ ሙአዝ።

ሚስ ኖሪኮ መጀመሪያ አምስቱን ልጆች ቀለማቸውን አስይዘው ወደ ሌላኛው ክፍል ሰደዷቸውና መስኮቱን ከፈቱ። ከዚያ መጥተው እየቆራረጡ ተረጎሙለት።

«ባት አይደለም ይላል። ባት መነጽር አያደርግም። ሴንሴ ምግብ የለውም፤ እኛ ስንበላ ግድግዳ ያያል። ፊት ለፊት ከሰጠሁት ያፍራል ብዬ ጫማው ጋ አስቀመጥኩለት። ግን አይወስድም። ምናልባት ምግቡን አልወደደው ይሆናል ብዬ በየቀኑ ቀየርኩለት።» ወደ ሙአዝ እጅጌ አዩ። «ዛሬ ደግሞ አየር ሲያኝክ አየሁት ይላል።»

ሙአዝ ቶስቱ እጅጌው ውስጥ ክንዱን ሲፈገፍገው ተሰማው። ብዙ ሰው ሸውዷል። የትራፊክ ፖሊስ ሸውዷል፣ የሆቴሉን ሼፍ በሳምንት ሁለቴ ይሸውዳል፣ አንዴ የጣሂራን ባል ሎተሪ ደርሶሃል ብሎ ልብስ አስቀይሮ ከቤት አስወጥቶታል። አንዳቸውም ቁርሳቸውን አላመጡለትም።

ሚስ ኖሪኮ ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው በለው» አሉት ቀስ ብለው። «ሆዴን ያመኛል፣ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው በለው። ልጁ ይገባዋል፣ እናቱም ይገባታል። ነገ ቁርሱን ይበላል፣ አንተም ሥራህ አለ።»

ጥሩ ውሸት ነች። ሙአዝ በሙያው መዘናት፤ ከሱ የሌሊት ወፍ ትሻላለች፣ ቀላል፣ ንጹህ፣ ተጨማሪ ጥያቄ የማታመጣ። አፉን ለሷ ከፈተ። ሪኩ አንጋጦ እየጠበቀ ነው። ሐኪም ከከለከለው ደግሞ ይሄ ልጅ ሰኞ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው፤ የእናቱን መድኃኒት ሳጥን አራግፎ ጫማው ውስጥ ይደፋለታል።

ደግሞም ደክሞታል። ውሸት ሲደክመው ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አሁን ከልጁ ጋር እኩል ሆኑ። ቶስቱን ከእጅጌው አውጥቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ ውሸት ነች» አለ። እንግሊዝኛው የኩሽና ነው፣ አጭር አጭር፣ ትእዛዝ እንደሚጠራ ሰው። «ባትም ውሸት ነው። እኔ ሰው ነኝ። ምግብ አለኝ፣ ሪኩ። ቤት። ብዙ። ቴምር። ሾርባ። ሳምቡሳ።» ሳምቡሳውን በእጁ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ አሳየው። «አሁን ርቦኛል። ግን አልበላም። ፀሐይ ስትገባ ነው የምበላው። ማንም አልከለከለኝም። እኔ ነኝ። አምላኬን ብዬ ነው።»

የመጨረሻዋን ሲላት ሚስ ኖሪኮን አላያቸውም። ክፍል ውስጥ የማይወራው እሱ ነው።  ከኋላው የሚስ ኖሪኮ ድምፅ በጃፓንኛ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ያለውን አንድ በአንድ ለልጁ እየተረጎሙለት ነው። የመጨረሻዋንም አልዘለሏትም፤ ሪኩ ቀና ብሎ ጣሪያውን አይቷል።

«ርቦሃል?» አለው ልጁ፣ በራሱ እንግሊዝኛ።

«አዎ።»

«ቢግ ሀንግሪ?»

«በጣም ቢግ። ደግሞ ደክሞኛል።»

ሪኩ አሰበ። ከዚያ ለሚስ ኖሪኮ አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«በራበው ሰው ፊት መብላት ነውር ነው ይላል። ስለዚህ እሱም ፀሐይ ስትገባ ነው የሚበላው።»

እናትየው የሆነ ድምፅ አወጣች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልታወቀ ነገር ነው። ሰዓቱ አስር ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ ፀሐይ እስክትገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራታል። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ኑድል ሲስብ ይሰማል። ሙአዝ ለልጁ፣ እኔ አይከፋኝም፣ ብላ፣ አንተ ትንሽ ነህ አለው። ሚስ ኖሪኮም ደገሙለት፣ እናቱም ደገመችለት። ልጁ አንገቱን ግራና ቀኝ ብቻ ነቀነቀ። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም። ነውር ነውር ነው።

ከዚያ የሆነ ነገር ታየው። ተነስቶ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፍራፍሬው ስዕል አደረገ። ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ጀርባውን ለሙአዝ ሰጠው። ማንም ምንም አልተረጎመም፤ ለሁሉም ገብቷቸዋል። ጀርባ ከሰጠው በራበው ሰው ፊት በላ አይባልም።

ቶስቱን አነሳ። አፉ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ሙአዝን አየው። ሙአዝ እያየው ነው። ልጁ ቶስቱን አወረደው። እንደገና አነሳ፣ እንደገና ዞረ፣ እንደገና አወረደው። አንዲት ትንሽ አንገት ላይ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ቀልተዋል። እናትየው ትንፋሿን ይዛለች።

ሚስ ኖሪኮ በዓይናቸው ሙአዝን ወደ ሳህኑ ጠቆሙት፤ ቶስቱ እዚያው ነው፣ ከእጅጌው የወጣው፣ ጠርዙ የተሰበረው። አንድ ጊዜ ቢነክሰው ሁሉም ያልቃል። ምራቁ መጣ፤ ለካ ትንሽ ነበረው። ሳህኑን በአንድ እጁ አነሳው። ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ገፋው፣ ከአራቱ ፌስታሎች አጠገብ።

ተነሳ። አንዷን ትንሽ ወንበር በእግሩ ስቦ ከሪኩ ወንበር ጀርባ ለጀርባ አደረጋትና ተቀመጠባት፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። አሁን ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሰውዬ ፓርክ ለማድረግ ሦስተኛ ጊዜ ይመላለሳል። የልጁ ጀርባ ጀርባው ላይ ተደገፈ፤ ቀላል ነው፣ እንደ ትራስ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀረሽ የሚል ድምፅ ሰማ።

«ቶስት» አለ ሪኩ፣ አፉ ሞልቶ።

«ቶስት» አለ ሙአዝ ለመስኮቱ።

ሌላ ቀረሽ። ወተት ሲጎነጭ፣ ሲተነፍስ፣ እንደገና ሲጎነጭ። እናትየው ወንበሯ ላይ መልሳ ስትቀመጥ እንጨቷ ሲጥ አለች። ሚስ ኖሪኮ የት እንዳሉ አያይም፤ የፌስታሎቹ መንኮሻኮሽ ይሰማል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እየቋጠሯቸው ነው።

«ኤግ» አለ ከኋላው ያለው ድምፅ።

«ኤግ።»

ከዚያ ዝም አለ። እየበላው ይሁን እያየው አይታወቅም። እንቁላሉ ካላለቀ ሥራውም አልተረፈለትም፤ ሙአዝ አንገቱን ለማዞር በጣም ፈለገ። አላዞረውም። ሰውዬው ፓርክ እስኪያደርግ ድረስ መስኮቱን እያየ ጠበቀ።